በአዲስ አበባ ዳርቻ የውሃና የፍሳሽ ስምምነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በከተማዋ ዳርቻ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያሳስበው መብራት ነው። ቀጥሎ ውሃ። ፍሳሽ ትዝ የሚለው ጉድጓዱ ሞልቶ መንገድ ላይ ሲወጣ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከአያት ጫፍ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ በሰፈር ስብሰባም በእድር ድንኳን ሥርም የሚነሱ ናቸው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ አብዛኛው የውሃ ጠብ ሳይጻፍ ከቀረ ነገር ይነሳል።

ስምምነት የምትሉት ከማን ጋር የሚደረገውን ነው?

ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ ከላይ፣ በአስተዳደሮች መካከል የሚደረገው ነው። አዲስ አበባና ኦሮሚያ፣ ወይም ከተማዋና አጎራባቾቿ ስለ ግድብ፣ ስለ ዋና መስመርና ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ የሚዋዋሉት። ሁለተኛው ቆጣሪ ስታስገቡ የምትፈርሙት የደንበኝነት ውል ነው። ሦስተኛው ጎረቤቶች እርስ በርሳቸው የሚገቡት ስምምነት ነው፦ መዋጮ፣ የጋራ ቆጣሪ፣ የጋራ የፍሳሽ ጉድጓድ። እዚህ ብዙ የምቆየው ሦስተኛው ላይ ነው። በእጃችሁ ያለው እሱ ነዋ።

ቤቴ ወሰኑ ላይ ነው። የት ላመልክት?

የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደራዊ ወሰን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። እነ ቆዬ ፈጬ፣ ጀሞ ሁለትና ቱሉ ዲምቱ የማን እንደሆኑ የተለየው ያኔ ነው። በ2015 ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ሸገር ከተማ ውስጥ ገቡ። ስለዚህ «ድሮ እዚያ ነበር የምንከፍለው» የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም።

የምታመለክቱበትን ቢሮ የሚወስነው ቤታችሁ ያለበት አስተዳደር ነው። ቧንቧው ለየትኛው ወገን ይቀርባል የሚለው አይደለም። ከአጥራችሁ ማዶ ሃያ ሜትር ላይ የሚያልፍ መስመር የሌላኛው አስተዳደር ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለመቀጠል የሁለቱ ቢሮዎች መግባባት ያስፈልጋል። ነባር ደንበኛ ከሆናችሁ የመጨረሻውን የውሃ ሂሳብ ደረሰኝ አውጡና የደንበኛ ቁጥሩን የሰጠው ማን እንደሆነ እዩ። ጉዳያችሁን ከዚያ ጀምሩ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርጉ፤ አንዱ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተምና ቀን አስመቱ። ያለዚያ ደብዳቤያችሁ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ ክረምት ይገባል።

ግድቡ ደጃፋችን ነው። እኛ ለምን ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን?

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቁጣውም ይገባኛል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ብዙው የሚመጣው ከወሰኗ ውጭ ነው። ገፈርሳ በቡራዩ በኩል ነው። ለገዳዲና ድሬ በለገጣፎና በሰንዳፋ አቅጣጫ ናቸው። በደቡብ ደግሞ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ በአገልግሎት አቅርቦትና በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ረገድ ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ይደነግጋል። ዝርዝሩን ለሕግ ትቶታል። በ2009 ዓ.ም. ረቂቅ አዋጅ ተዘጋጅቶ ብዙ አከራከረ፤ ጸድቆ ሥራ ላይ ግን አልዋለም። በመሆኑም የግድብ ጎረቤቶች ጥያቄ በየጊዜው በሚደረግ ድርድር ላይ ተንጠልጥሏል።

ቴክኒካዊ ምክንያትም አለ። ከግድቡ ወደ ማጣሪያው የሚሄደው ውሃ ጥሬ ነው፤ አይጠጣም። ከማጣሪያው የሚወጣው ደግሞ በትልቅ ቧንቧ፣ በከፍተኛ ግፊት ወደ ማጠራቀሚያዎች ይሄዳል። እሱን በየመንገዱ እየበሱ ቤት ማስገባት ታች ያለውን ሁሉ ያደርቃል። ትክክለኛው መንገድ አንድ ቅርንጫፍ ማውጣት፣ ለሰፈሩ የራሱን ማጠራቀሚያ መሥራትና መግቢያው ላይ ትልቅ ቆጣሪ መትከል ነው።

እንዲህ ያለ የጅምላ ውሃ ስምምነት ሲደረግ ከነዋሪ ወኪል የሚጠበቁ ጥያቄዎች አሉ። ቆጣሪውን ማን ያነባል? የሜትር ኩቡ ዋጋ በማን ይሻሻላል? ከቆጣሪው ወዲህ የሚፈሰው ውሃ ኪሣራ የማን ነው? ከሁሉ የሚዘነጋው ደግሞ ይኼ ነው፦ ድርቅ መጥቶ ግድቡ ሲጎድል ፈረቃው ለሁሉም እኩል ይጠብቃል ወይስ መጀመሪያ የሚዘጋው የዳርቻው ነው? በደህና ጊዜ ካልተጻፈ በድርቅ ጊዜ የሚሰማችሁ የለም።

ተዋጥተን መስመር ብናስገባ መስመሩ የኛ ይሆናል?

ብዙ ሰው «በገንዘቤ የገባ ነው» ይላል። ገንዘቡ የእናንተ ነው። መስመሩ ግን ከሕዝብ መረብ ጋር ተገናኝቶ ርክክብ ከተደረገ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ተቋሙ ይሆናል። ይህ መጥፎ አይደለም። ቧንቧ ሲፈነዳ የመጠገን ኃላፊነቱም አብሮ ይሄዳልና። አደጋው ርክክቡ ሳይፈጸም ሲቀር ነው። ያኔ መስመሩ የማንም አይሆንም፤ ጥገናው ደግሞ የእናንተ ይሆናል። ስለዚህ ዲዛይኑን ተቋሙ ሳያጸድቀው አንድ ሜትር ቦይ አትቆፍሩ። ቦዩ ከመሸፈኑ በፊትም ባለሙያ መጥቶ ይየው፣ ግፊቱም ይፈተሽ። ከተሸፈነ በኋላ «እስቲ ቆፍራችሁ አሳዩን» የሚል ደብዳቤ ሊመጣባችሁ ይችላል።

ከተቋሙ ጋር የምትስማሙት በጽሑፍ ይሁን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1724 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ኢንጂነሩ በቃል የነገራችሁ ነገር ኢንጂነሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

የእርስ በርሱን ደግሞ በቃለ ጉባኤ ያዙት። እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

«እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ነዋሪዎች፣ ከዋናው መስመር እስከ መጨረሻው ቤት ያለውን የውሃ ቧንቧ በመዋጮ ለማዘርጋት ተስማምተናል። የቧንቧው ስፋት ሁለት ኢንች ይሆናል። ገንዘቡ በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ ይቀመጣል። ማንኛውም አባል ውሃ ከመስመሩ በፓምፕ በቀጥታ አይስብም። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ነዋሪ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር 7 በሚሰፍረው መሠረት ይስተናገዳል።»

ሁለት ኢንች ያልኩት እንዲያው አይደለም። የሁለት ኢንች ቧንቧ አፍ ከአንድ ኢንቹ አራት እጥፍ ይሰፋል። ዛሬ አሥር ቤት ያለበት መንደር ነገ ጂ ፕላስ ሁለት ተሠርቶበት ሠላሳ አባወራ ይይዛል። በቧንቧ ዋጋ የቆጠበ ሰፈር ቦዩን ሁለተኛ ያስቆፍራል። ትክክለኛውን ስፋት ግን በቁመቱና በርቀቱ የሚያሰላው ባለሙያ ነው።

ፓምፑም ቀልድ አይደለም። አንድ ሰው ዲናሞውን መስመሩ ላይ ገጥሞ ሲስብ የላይኛው ጎረቤት ቧንቧ አየር ብቻ ይነፋል። ቧንቧው የሆነ ቦታ ከተሰነጠቀ ደግሞ በዙሪያው ያለውን ጭቃና ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ሆዱን ይዞ ይሰነብታል። ፓምፕ የሚያስፈልገው ሰው ውሃው በራሱ ግፊት መሬት ላይ ያለ ታንከር እንዲሞላ ያድርግ፣ ከታንከሩ ወደ ላይኛው ሮቶ ይግፋ።

ዘግይቶ የመጣ ጎረቤት ስንት ይክፈል?

ሰፈር የሚፈርሰው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አንዱ ወገን «እኛ ፀሐይ ላይ ስንቆፍር የት ነበረ?» ይላል። ሌላው «ውሃ የሕዝብ ነው፣ እናንተ ማናችሁና ታስከፍሉኛላችሁ?» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው።

በምሳሌ እንየው። አሥራ ሁለት ቤቶች 240,000 ብር አወጡ እንበል። ለእያንዳንዱ 20,000 ይደርሰዋል። አሥራ ሦስተኛው ቤት በሦስተኛው ዓመት መጣ። ወጪው ለአሥራ ሦስት ቢካፈል ድርሻው 18,461 ብር ነበር። ነባሮቹ ግን መስመሩን ሦስት ዓመት ተጠቅመውበታል። በየዓመቱ አሥር በመቶ ይቀነስ ብላችሁ ከተስማማችሁ አዲሱ ሰው ወደ 12,900 ብር ይከፍላል። በአሥረኛው ዓመት የሚመጣ ምንም አይከፍልም። እኔ የምወደው ይህን ስሌት ነው። አዲሱን አይዘርፍም፣ ነባሩንም ሞኝ አያደርግም። የብር ዋጋ መውደቅ ያሳሰባችሁ ቅናሹን ወደ አምስት በመቶ ማውረድ ትችላላችሁ። ዋናው ነገር ቁጥሩ የሚወሰነው አዲሱ ሰው ሳይመጣ መሆኑ ነው። ፊቱን ካያችሁት በኋላ ዋጋ ማውጣት ቂም ነው።

የተከፈለው ገንዘብ የት ይግባ? ለአሥራ ሁለቱ ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ከሺህ ብር ብዙም አያልፍም። ለጥገና ሣጥን ቢቀመጥ ይሻላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲሱን ሰው ደንበኛ የማድረግ ሥልጣን የኮሚቴው አይደለም፣ የተቋሙ ነው። መስመሩን ተቋሙ ከተረከበ ኮሚቴው ቧንቧ ልቁረጥ ማለት አይችልም። ስለዚህ ተቋሙ አዲስ ማመልከቻ ሲመጣለት የኮሚቴውን ስምምነት እንዲጠይቅ በርክክቡ ሰነድ ላይ አስጽፉ። እሺ ካለ ትልቅ ነገር አገኛችሁ።

በአንድ ቆጣሪ ለሦስት ቤት ስንጠቀም ሂሳቡን እንዴት እንካፈል?

በሰው ቁጥር መካፈል የተለመደ ነው። የተሻለው ግን በየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ መግጠም ነው። ዋናው ቆጣሪ 24 ሜትር ኩብ ቢያሳይና ንዑሶቹ 7፣ 9 እና 6 ቢሉ ድምራቸው 22 ነው። ሁለቱ የት ገቡ? ሁለት ሜትር ኩብ ማለት መቶ ጀሪካን ነው። ማታ ሁሉም ቧንቧውን ይዝጋና ዋናው ቆጣሪ ላይ ያለችውን ትንሿን መርፌ እዩ። ከዞረች ከቆጣሪው ወዲህ የሚያፈስ ቦታ አለ። እስኪጠገን ድረስ ልዩነቱን ለሦስት ተካፈሉት፤ በአንድ ሰው ላይ አትለጥፉት።

ሌላው ጉዳይ ታሪፉ ነው። ዋጋው እንደ ፍጆታው በደረጃ ይጨምራል። ስምንት ስምንት ሜትር ኩብ የሚጠቀሙ ሦስት ምስኪን ቤቶች በአንድ ቆጣሪ 24 ሲሆኑ እንደ ትልቅ ተጠቃሚ ይቆጠሩና ከፍ ባለው ዋጋ ይከፍላሉ። የጋራ ቆጣሪ ርካሽ ይመስላል እንጂ ውድ ነው። አቅም ካላችሁ ተለያዩ።

ጎረቤቴ ቧንቧው በግቢዬ ይለፍ ይላል። ግዴታ አለብኝ?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ መንገድ ለሌለው ወይም በሌላ መንገድ ሲሄድ ወጪው ከልክ ለሚያልፍበት ጎረቤት የውሃ መስመር እንዲያልፍለት ይፈቅዳል። እናንተም ካሣ የመጠየቅ መብት አላችሁ። በተግባር ሽማግሌ ይበቃል። ግን መስመሩ በየት በኩል፣ በምን ጥልቀት እንደሚያልፍ ንድፍ ሠርታችሁ ተፈራረሙ። ቤት ልታስፋፉ ስትቆፍሩ ቧንቧው ቢቆረጥ ማን ይጠግናል የሚለውም ይግባ። ከአጥር ጥግ አታርቁት።

ካርታ የለኝም። ቆጣሪ አገኛለሁ?

ለግል ቆጣሪ የይዞታ ማረጋገጫ መጠየቁ የተለመደ ነው። ሰነድ የሌላቸው ሰፈሮች ቶሎ የሚሳካላቸው በጋራ ቦኖ ሲጠይቁ ነው። ቦኖ ሲፈቀድ ሂሳቡ በማን ስም እንደሚወጣ፣ የጀሪካን ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚከፈትና ለጠባቂዋ ደሞዝ ማን እንደሚከፍል ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። ባልተለጠፈ ዋጋ ወረፋ ላይ ያለች እናት ትጎዳለች።

ውል ፈርመን፣ ገንዘብ ከፍለን ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ክስ አለን?

የደንበኝነት ውሉን አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ ስለ መስመርና ስለ ክፍያ ይናገራል እንጂ በቀን ይህን ያህል ሰዓት ውሃ አደርሳለሁ አይልም። ከክስ ይልቅ የሚጠቅማችሁ ማስረጃ ነው። ውሃ የመጣበትን ቀንና ሰዓት በደብተር መዝግቡ። የታችኛው ሰፈር አግኝቶ እናንተ ካጣችሁ ምናልባት ችግሩ ከፍታ ነው። አሥር ሜትር ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር አንድ ባር ያህል ግፊት ታጣላችሁ። እንዲህ ያለ ሰፈር በፈረቃው ቀን የታችኛው ቫልቭ ለተወሰነ ሰዓት እንዲዘጋለት መጠየቅ ይችላል። ከታችኞቹ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ያለዚያ ቫልቭ የሚዘጋው ሠራተኛ ስድብ ይጠግባል።

ፍሳሹስ? እዚህ መስመር የለም።

እውነት ነው፣ የዳርቻው ሰፈር አብዛኛው በጉድጓድ ነው የሚኖረው። የቃሊቲው ማጣሪያ ድሮ በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ብቻ ነበር የሚያክመው። ተስፋፍቶ 100,000 እንዲያክም ተደርጓል። ማጣሪያው ቢያድግም መስመሩ ደጃችሁ ካልደረሰ አይጠቅማችሁም። ስለዚህ የውሃ መስመር ስትጠይቁ የፍሳሹን ጥያቄ በዚያው ደብዳቤ አስገቡ። የገባ ውሃ ሁሉ መውጣቱ አይቀርም። ውሃ የገባለት ሰፈር በዓመቱ ጉድጓዱ ቶሎ ቶሎ መሙላት ሲጀምር ሁሉም ይደነግጣል።

እስከዚያው የምትስማሙባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ መንገዱ። ፍሳሽ የሚመጥጠው መኪና ከባድ ነው፣ መዞሪያና መቆሚያ ይፈልጋል። ኮብልስቶን ስታነጥፉ፣ የመንደር በር ስትገጥሙ የመኪናውን ስፋት አስቡ። መኪናው መግባት አቅቶት ቱቦ በሦስት ግቢ ውስጥ ሲጎተት ማየት ደስ አይልም። ሁለተኛ የጋራ ጉድጓድ ካላችሁ ማን መኪና እንደሚጠራና ሂሳቡ በሰው ቁጥር ይሁን በቤት አስቀድማችሁ ወስኑ። ሞልቶ ከመፍሰሱ በፊት ጥሩ፤ ሐምሌ ላይ ወረፋው ይረዝማል። ሦስተኛ የጣሪያ ውሃ ወደ ፍሳሽ መስመር አይግባ። ክረምት ላይ ማንሆል ክዳኑን የሚያስፈነጥረው በብዛት ይኸው የዝናብ ውሃ ነው።

ማታ ማታ ጉድጓዳቸውን ወደ ወንዝ የሚለቁ አሉ። የአዲስ አበባ ወንዞች ተሰብስበው በአቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ይገባሉ፣ ከዚያም አዋሽ። መንገዱን ሙሉ ሰላጣና ጎመን የሚያጠጣበት ገበሬ አለ። ጎመኑ ተመልሶ እናንተው ገበያ ይመጣል።

ሰፈራችን ውስጥ የፍሳሽ ማጣሪያ ሊሠራ ነው። እንስማማ?

በጭፍን አትቃወሙ፤ በጭፍንም አትፈርሙ። በደረቅ ቆሻሻ በኩል የሆነውን አስታውሱ። ሰንዳፋ ላይ የተሠራው የቆሻሻ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በወራት ውስጥ በገበሬዎቹ ተቃውሞ ቆመ። ቆሻሻው ተመልሶ ረጲ፣ ቆሼ ገባ። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሥራ ከጎረቤት ጋር በወጉ ሳይስማሙ ሲጀመር ይህ ይመጣል። ስትደራደሩ የሽታ ቁጥጥሩን፣ መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተሩን ነገር፣ የተጣራው ውሃ የት እንደሚለቀቅና ከሰፈሩ ልጆች ስንቱ እንደሚቀጠሩ ጠይቁ። አንድ የነዋሪ ወኪል በየወሩ ገብቶ እንዲያይ ይፈቀድ። ይህን የማይቀበል ተቋም ካለ ጠርጥሩት።

ከሁሉም ተለያይቼ የራሴን የውሃ ጉድጓድ ባስቆፍርስ?

በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ፈቃድ አያስፈልገውም። በማሽን የሚቆፈረው ግን ያስፈልገዋል። የጎረቤቶቻችሁ መፀዳጃ የት እንዳለ ግን እዩ። ጉድጓዳችሁ ከነሱ በታች ተዳፋት ላይ ከሆነ የምትጠጡት ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። አስመርምሩት፣ ለመጠጥ የማይሆን ከሆነ ለልብስና ለአትክልት አድርጉት።

ቤቱን ልሸጥ ነው። መዋጮዬ ይመለስልኛል?

ቃለ ጉባኤው ሌላ ካላለ አይመለስም፤ ከቤቱ ጋር ይሄዳል። በቤቱ ዋጋ ውስጥ አስገቡት። የገዢም ጥያቄ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻውን ወር የውሃ ደረሰኝና ከኮሚቴው ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት ተቀበሉ። የቆጣሪውን ንባብ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑ ይታይ። የስም ዝውውሩንም ሳትውሉ ሳታድሩ ጨርሱ። ሻጩ ከተዛወረ በኋላ ለፊርማ መፈለግ አድካሚ ነው።